የእማዋይሽ ግዝት

ተረት ተረት!

«የላም በረት!»

በረቱንስ ዘግታችኋል? ጥጃውንስ አስራችኋል? እንግዲያው ቅረቡ። የዛሬው የጅብና የአህያ አይደለም፤ የሰው ነው። የሰውም የሴት፣ የሴትም የእልኸኛ ሴት ነው። ስትሰሙ ታዲያ ወደ እኔ እያያችሁ አትሳቁ።

በድሮ ዘመን፣ ብዙም ድሮ አይደለም፣ ኩራዝ በየቤቱ ሲጨስ በነበረ ጊዜ፣ ሾላ ምንጭ በሚባል አገር እማዋይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ልጆቿ ለትምህርት ከተማ፣ አክስታቸው ዘንድ ናቸው። እቤት የቀሯት አንዲት ላምና ጥጃ ናቸው። ከቤቷ በታች አንድ ማሳ አላት። ማሳው እንደ መቀነት ጠባብና ረጅም ነው። ቤቷ ከማሳው ራስጌ፣ ገደል አፋፍ ላይ ነው። ምንጩና ቤተ ክርስቲያኑ ከማሳው ግርጌ ናቸው። በቀኝ በኩል ጅረት የሚወርድበት ሸለቆ ነው፤ በግራ በኩል የጎረቤቷ የትጓደድ ጓሮ ነው። ይህን ልብ በሉ። እማዋይሽ ልብ ሳትል ቀርታ ነው መሳቂያ የሆነችው።

እማዋይሽ ጾም አትሽርም። የአቡዬን ዝክር አታስታጉልም። እሺ ማለት ግን አይሆንላትም። «እሺ» የሚለው ቃል ከጉሮሮዋ ሲወጣ እንደ እሾህ ይወጋታል። አንድ ጊዜ ትጓደድ መጣችና፦ «ከጅረቱ ትንሽ ውኃ ጠልፌ፣ በማሳሽ አቋርጬ፣ በቦይ ጎመኔን ላጠጣበት» ብላ ለመነቻት። እማዋይሽም፦ «ዛሬ ቦይ፣ ነገ ወንዝ!» ብላ መለሰቻት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተኳረፉ። ሁለት ዓመት ሙሉ አንዷ ስታስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» አትልም።

በዚያ አገር ወፍጮ አልነበረም። ሴቶቹ እህላቸውን አዝለው ግማሽ ቀን ተጉዘው ከተማ ያስፈጫሉ። እማዋይሽም ጉልበቷን ሲቆረጥማት ከመንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ትቀመጥና፦ «አቡዬ፣ ምናለ ወፍጮውን ወደ እኛ ብታመጣው?» ትላለች። አቡዬም ሰማት። መብራት ሊገባ ነው ተባለ፤ መብራት ከገባ ወፍጮ ይተከላል ተባለ። የሚመጣበት መንገድ ግን በእሷ ማሳ ነበር። ስትለምን ይህን አላሰበችውም።

ማክሰኞ ቀን የመብራት ሰዎች መጡ። አለቃቸው ሱራፌል የሚባል ትሑት ወጣት ነው። ከሸለቆው ጀምረው ማሳዋን አቋርጠው፣ ቀይ ጨርቅ ያሰሩበትን ችካል እየቸከሉ እስከ ትጓደድ አጥር ደረሱ። ከዚያም አልፈው በትጓደድ ጓሮ ቸከሉ። ትጓደድ ፈርማለች። ሁሉም ፈርሟል። የቀረችው እማዋይሽ ናት።

እማዋይሽ ከቤቷ እየሮጠች ወረደች። ችካሉን ዘላ ተሻገረችና የሱራፌል አፍንጫ ሥር ቆመች።

ሱራፌልም፦ «እናቴ፣ መሬትዎን አንወስድም። መሬቱ የእርስዎ ነው። ማለፊያ ብቻ ይስጡን። ሁለት ምሰሶ እናቆማለን፤ ሽቦው በላይ ያልፋል። ከሥሩ ቤት አይሠራም፣ ረጅም ዛፍ አይተከልም፤ ጤፍዎን ግን ይዘራሉ። ሲበላሽ ገብተን እንጠግናለን፤ የረገጥነውን ሰብል እንክሳለን» አላት።

ይህ ሁሉ ቃል በአንድ ጆሮዋ ገብቶ በሌላው ወጣ። ዓይኗ ከችካሉ ላይ ነው። በዕድሜዋ ሦስት ጊዜ ችካል ሲቸከል አይታለች። በተቸከለ ቁጥር ማሳዋ ይጠባል። ድሮስ መቼ እንደ መቀነት ነበረ? እንደ ጋቢ ነበረ እንጂ።

እሷም፦ «ዛሬ ምሰሶ፣ ነገ የምሰሶ ዘመድ!» አለች።

ሱራፌልም፦ «እስከ ቅዳሜ ካልፈረሙ መስመሩ በወዲያኛው አገር ይዞራል። እኔም ማዘዝ አልችልም» አላት።

ከተሰበሰበው ሰው መካከል አያ ደሴ የሚባሉ ሽማግሌ፦ «ኧረ እማዋይሽ፣ ስለ ወፍጮው! ስለዚያ ስለ ጉልበትሽ እንኳ!» አሏት።

ሰው በለመናት ቁጥር እልኋ ይብሳል። ጣቷን ወደ ሰማይ ቀስራ፦ «ከሸለቆው እስከ ትጓደድ አጥር፣ በእኔ ማሳ ላይ ይህን የችካል መስመር የተሻገረ፣ ሰው ቢሉ ሰው፣ ብረት ቢሉ ብረት፣ በአቡዬ ገዝቻለሁ! ውግዝ ከመ አርዮስ ይሁን!» አለች።

ሰዉ ሁሉ እግሩን ሰበሰበ። በአቡዬ ግዝት ማን ይቀልዳል? ሱራፌልም መዝገቡን አጠፈ።

እማዋይሽ ደስ አላት። ነጠላዋን መለስ አድርጋ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ወደ ቤቷ ዞረች። አንድ እርምጃ ተራመደች። ቆመች። ቤቷ ከችካሉ ወዲያ ነው። እሷ ከችካሉ ወዲህ ናት።

አያ ደሴም፦ «ምነው እማዋይሽ፣ አትገቢም እንዴ?» አሏት።

፦ «ነፋሱ ደስ ብሎኝ ነው።»

፦ «ነፋስ የለም እኮ።»

፦ «እስኪመጣ እየጠበቅሁ ነው።»

ሰዉ አፉን በጋቢው እየሸፈነ ተበተነ። እማዋይሽ ብቻዋን ቀረች። ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። የላሟ የመታለቢያ ሰዓት ደረሰ። ጥጃው ከላይ «እምቧ!» አለ። እሷም አንድ እግሯን አነሳች። «አቡዬ ዛሬ ሌላ ሥራ ይኖርበት ይሆናል» አለች በልቧ። ወዲያው ደነገጠችና እግሯን መለሰች። ጥጃው ደግሞ «እምቧ!» አለ። በቀኝ ሸለቆ ነው፤ ሰው አይወጣውም። የቀረው የትጓደድ ጓሮ ነው። ሞት ይሻላል ብላ አሰበች። ሞት ግን አልመጣም፤ ጥጃው ነው የሚጮኸው። እያዘገመች ወደ ትጓደድ አጥር ሄደች።

፦ «ቤቶች!»

ትጓደድ በአጥሩ ቀዳዳ እያየቻት፦ «ማን ነው?» አለች።

፦ «እኔ ነኝ።»

፦ «እኔ የሚባል ሰው አላውቅም።»

፦ «እማዋይሽ ነኝ።»

፦ «ውይ! በሕይወት አለሽ? ሁለት ዓመት ድምፅሽ ሲጠፋብኝ ተዝካርሽን የበሉ መስሎኝ ነበር።»

፦ «በጓሮሽ አሳልፊኝ። ጥጃው እየጮኸ ነው።»

፦ «ዛሬ እግር፣ ነገ ጫማ!» አለች ትጓደድ።

እማዋይሽ አንገቷን ደፋች። የራሷ ቃል ዞሮ መጥቶ ፊቷን በጥፊ መታት። ትጓደድ ልቧ ሩህሩህ ነውና በሩን ከፈተች። ከፈተችና ግን በሩ ላይ ቆመች።

፦ «ጥጃው ምን በደለ፤ እለፊ። ግን ስሚኝ። መሬቴን አልሰጠሁሽም፤ ማለፊያ ነው የሰጠሁሽ። በጎመኑና በጌሾው መካከል ባለችው ብቻ ትሄጃለሽ። እኔም በመንገድሽ ላይ ጌሾ አልተክልብሽም። የረገጥሽውን ትክሻለሽ። ተስማማን?»

እማዋይሽም፦ «እ...» አለች። ጥጃው ጮኸ። «እሺ» አለች። ወጋት፤ ግን አልገደላትም።

ከዚያም ማለዳ እንስራ ይዛ ወደ ምንጭ ስትወርድ በትጓደድ ጓሮ ነው። ስትመለስ በትጓደድ ጓሮ ነው። ኪዳን ስትሄድ በትጓደድ ጓሮ ነው። ሐሙስ ዕለት ላሟንም ውኃ ልታጠጣ በዚያው ነዳቻት። ላሟ ግዝትም ውልም አታውቅም፤ አንድ ጎመን ነቅላ በላች። እማዋይሽም አንድ ቅል ወተት ካሰች። ትጓደድ ወተቱን ተቀበለችና ከጎመኑ ቀንጥሳ ሰጠቻት። እማዋይሽ እሱን ይዛ ስትሄድ መሐል ላይ ቆመችና ጓሮውን በእርምጃ መለካት ጀመረች።

፦ «ምን ሆነሽ ነው የምትለኪው?»

፦ «ጓሮሽ ጠቦ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ እኔና ላሜ ተመላልሰንበታል።»

፦ «ጠበበ?»

፦ «አልጠበበም። ያኔ ስትፈርሚ የለካሽው ስንት ነበር?»

፦ «ያው ነው። ችካሉም ቆሟል፣ ጎመኔም ቆሟል።»

እማዋይሽ ድንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ይህን ያንቺን ቃል ያ ልጅ ነግሮኝ ነበር። መሬቱ ያንቺ ነው፣ ማለፊያ ስጪ፣ የረገጥነውን እንክሳለን ብሎኝ ነበር። እየሰማሁ አልሰማሁትም» አለች።

ትጓደድም፦ «ጆሮሽ ያለው እግርሽ ላይ ነዋ!» ብላ ሳቀችባት። እማዋይሽም ሳቀች። በሁለት ዓመት መጀመሪያቸው ነው።

በማግስቱ ዓርብ እማዋይሽ ወደ ንስሐ አባቷ ወደ መምሬ ይትባረክ ሄደች። ለራሷ አፍራለችና፦ «መምሬ፣ አንዲት የማውቃት ሴት አለች» አለች።

፦ «ምን ሆነች?»

፦ «ማሳዋን ገዝታ ራሷ ውጭ ቀረች።»

መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ሳቃቸውን ዋጡ። «ያቺ ሴት ጉልበቷን ያማታል?» አሏት።

፦ «ክፉኛ ያማታል።»

፦ «እንግዲያው አርባ ስግደት የነበረውን ሃያ እናድርግላት። በይ፣ ነገ ማሳው ላይ እንገናኝ።»

፦ «እዚሁ በጓዳ ቢፈቱልኝስ... ማለቴ ቢፈቱላት?»

፦ «በሰው ፊት ያሰረች በሰው ፊት ነው የምትፈታ፣ ልጄ።»

ቅዳሜ ነጋ። ሱራፌልም ዕቃውን ጭኖ ወደ ወዲያኛው አገር ሊዞር ተሰናድቷል። አገሬው ሁሉ ተሰበሰበ። እማዋይሽም መሐል ወጥታ፦ «ወገኖቼ፣ መብራቱን እዘጋለሁ ብዬ ራሴን ዘጋሁ። አቡዬን ወፍጮ ለምኜው፣ ሲሰጠኝ በአቡዬ ገዘትሁበት። ይቅር በሉኝ» አለች። ሰዉም፦ «ይቅር ይበልሽ!» አለ። መምሬም መስቀሉን አሳልመው፦ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሏት። ከዚያም ስግደቱን ጀመረች። አያ ደሴ ይቆጥራሉ። ጉልበቷ አሳዘናቸውና ከሰባት ወደ ዘጠኝ ዘለሉ። እሷ ግን ሰማች። እልኸኛ አይደለች? መጨረሻ ላይ የጎደለችውን ጨምራ ሰገደች።

ሱራፌልም ወረቀቱን አቀረበላት። እማዋይሽ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ፊደል ቆጥራለች፤ በጣቷ እየተከተለች ቀስ ብላ አነበበች። አንብባም፦ «ሦስት ነገር ጨምርበት» አለችው።

፦ «ይበሉ እናቴ።»

፦ «አንደኛ፣ ጤፌ ሳይታጨድ ጉድጓድ አትቆፍሩም።»

፦ «ጥሩ ነው።»

፦ «ሁለተኛ፣ ከሽቦው ሥር ዛፍ ካልተተከለ ቦታው ለምን ባዶውን ይቀራል? የትጓደድ ቦይ ከጅረቱ በዚያ ይለፍ።»

ትጓደድ ከሰው መካከል እልል አለች። ሱራፌልም፦ «ይኼ የእናንተ ስምምነት ነው፤ ከምሰሶው ራቅ ካለ እኛን አይነካንም» ብሎ ጻፈ። «ሦስተኛውስ?» አላት።

፦ «ሦስተኛ፣ ባለመሬቲቱ እማዋይሽም በዚህ መስመር ማለፍ ትችላለች ብለህ ጻፍ።»

፦ «እናቴ፣ መሬቱ የራስዎ አይደል? ይኼማ አይጻፍም።»

፦ «ጻፈው ልጄ። አንተ እማዋይሽን አታውቃትም።»

ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ሱራፌልም እየሳቀ ጻፈው። እሷም ፈረመች። ከዚያም ችካሉን ተሻግራ በማሳዋ ሽቅብ ወደ ቤቷ ሄደች። ከወዲያ ማዶ ደርሳ ዞራ አየች። ደግማ ተሻገረች። እንደገና ተመለሰች። ማን ይከለክላታል? ተጽፏል።

ጤፉ ታጨደ። ምሰሶው ቆመ። መብራቱ ገባ። ወፍጮውም ተተከለ። ውኃውም ከሽቦው ሥር እየተንኳለለ ወደ ትጓደድ ጎመን ወረደ። በአጥሩ ያለውን በር ግን ሁለቱም አልዘጉትም፤ እስከ ዛሬ ክፍት ነው።

እንግዲህ እኔ ያለኝን አሳልፌላችኋለሁ። እናንተም ተረቴን መልሱልኝ። ይቺም አፌ ማለፊያ ናት፤ ግዝት የለባትም፣ ዳቦ ይለፍባት።

«እማዬ፣ አንቺን ግን ጉልበትሽን የሚያምሽ ከምን የተነሣ ነው?»

ዳቦውን አምጪ ብያለሁ!