በገደሉ በኩል የቆመው ወንጭፈኛ

አንድ ማሽላ ዘሪ ሰው ነበረ። ቁጭ በይ ትርሲት፤ ጥያቄሽን መመለሴ ነው። «ጋሼ፣ ቡድኔ የሚያሸንፈው በመከላከል ነው። ሹቲንግ ጋርዴ፣ ከሩቅ ወርዋሪዬ፣ ጉልበቷን ታማ ጨዋታ አቆመች። በእሷ ቦታ ከሁለቱ ልጆች የትኛዋን ላስገባ?» ብለሽኛል። አንደኛዋ ከሩቅ ወርውራ ቅርጫት ውስጥ የምትከት፣ ተመልካች ስሟን እየጠራ የሚያጨበጭብላት ናት። ሁለተኛዋም ታገባለች፤ ስሟን የሚጠራ ግን የለም። እኔ ዕድሜዬን በቅርጫት ኳስ ሜዳ ላይ ስፈጅ ይህን ጥያቄ ከብዙ አሰልጣኝ አፍ ሰምቻለሁ። በሰማሁ ቁጥር ያ ገበሬ ትዝ ይለኝና ደሜ ይፈላል።

ሰውየው ሀብታም ነበረ። ማሳው ቆላ ነው፤ አንደኛው ወገኑ ገደል ላይ ያርፋል። ገደሉ ውስጥ ዝንጀሮ ይኖራል። ማሽላው እሸት ሲሆን መንጋው ተከታትሎ ይወጣል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ የሚበላው ትንሽ፣ ሰብሮ የሚጥለው ብዙ ነው። ስለዚህ ሰውየው በማሳው ዙሪያ ማማ አሠርቶ በየማማው ጠባቂ አቆመ።

ጠባቂዎቹ ጎበዞች ነበሩ። ጎበዝ ስልሽ ጡንቸኞች ማለቴ አይደለም፤ ይጠራሩ ነበር። «በአንቺ በኩል መጡ!» ይላል አንዱ። «አየኋቸው፤ አንተ ወደ እኔ ጠጋ በል!» ትላለች ሌላዋ። አንዱ ለማባረር ከማማው ሲወርድ ጎረቤቱ ግማሽ መንገድ ድረስ መጥቶ የሁለቱንም በኩል ያያል። ያኛው ሲመለስ እሱም ይመለሳል። በዚህ ዓይነት ያ ማሳ ለዓመታት ሳይደፈር ኖረ። ነገር ግን አንድም ሰው መጥቶ «እንዴት ያለ ጥበቃ ነው!» ብሎ አያውቅም። ዝንጀሮ ያልገባበት ማሳ ላይ ምን ይታያል? ማሽላ ነው የሚታየው። ሰዉ የሚያደንቀው ማሽላውን፣ የሚያመሰግነው ባለ ማሳውን ነበር።

የገደሉን በኩል ይጠብቅ የነበረው ሰው ዓይኑ እየደከመ መጣና ሥራውን ተወ። ያ ማማ ከሌሎቹ ይለያል። ዝንጀሮዎቹ ማዶ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አጋጣሚ የሚጠብቁት እዚያ ነው፤ በጩኸት ብቻ አይመለሱም፣ ወንጭፍ ያስፈልጋል። የጠባቂው ድንጋይ እንደማይደርስባቸው ካወቁ ይንቁታል፤ ከናቁት ደግሞ እሱን ትተው ሁሉም ወደ ሌሎቹ ማማዎች ይዞራሉ። ስለዚህ ገበሬው ወንጭፈኛ መፈለጉ ትክክል ነበር። እዚህ ላይ አልወቅሰውም።

ሁለት ሰዎች መጡ። ገበሬው ጎረቤቶቹን ሰብስቦ በፊታቸው ፈተናቸው። የመጀመሪያው በወንጭፉ አገር ያወቀው ጎልማሳ ነው። ማዶ ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ቅል አነጣጥሮ ፈረከሰው። ሌላ ቢያስቀምጡለት ያንንም ደገመው። ሴቶቹ እልል አሉ። ሁለተኛው ረጋ ያለ ሰው ነበረ። የመጀመሪያ ድንጋዩ ቅሉን ስቶ አለፈ፤ ቀጥሎ የወረወረው መታው። ከዚያ ወንጭፉን ጠቅልሎ፣ «በቀኝ በኩል ባለው ማማ ላይ የሚቆመው ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

ሰዉ ሳቀ። ገበሬውም፣ «እኔ የምፈልገው ወንጭፍህን ነው፤ ከጎረቤት ጋር ምን አገናኘህ?» አለው።

«እኔ ወደ ፊት ሳነጣጥር ጎኔን የሚያይልኝን ሰው ማወቅ አለብኝ» አለ ሰውየው። «እሱም ሲወርድ የቱን በኩል እንደምይዝለት ቀድመን መነጋገር ይኖርብናል።»

ከጠባቂዎቹ መካከል አንዲት ሴት «እኔ ነኝ» አለች። በዚያ ማማ ላይ ቆማ ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ሰውየው አብሯት ማማዋ ላይ ወጣ። ከዚያ ሆኖ የገደሉን በኩል ሲያይ፣ እሷም መንጋው በየት በየት መሹለክ እንደሚወድ በጣቷ ስታሳየው ቆዩ። ሲወርዱ ገበሬው ቅል ፈርካሹን አቅፎ ለምሳ ወደ ቤቱ እያስገባው ነበር። ሁለተኛውን ሰው «በል ደህና ግባ» ያለው እንኳ አልነበረም።

ወንጭፈኛው ማማው ላይ ወጣ። እውነቱን ለመናገር ድንጋዩ እምብዛም አይስትም። ዝንጀሮ ማዶ ብቅ ሲል ይመታዋል፤ መንገደኛ ቆሞ ያያል፣ ያጨበጭባል። ችግሩ ከወረወረ በኋላ ነው። የመታው ሲሸሽ እሱም ከማማው ዘሎ ገደሉን ቁልቁል ይከተለዋል። የሳተ ዕለት ደግሞ ይብሳል፤ እዚያው ቆሞ ወንጭፉን ያገላብጣል፣ ገመዱን ይወቅሳል፣ ወደ መንገደኛው ዞሮ ነፋሱን ያማርራል። በዚህ መሀል ዝንጀሮ በማማው ሥር ያልፋል። ሴትዮዋ «ኧረ ተመለስ! በአንተ በኩል ገቡ!» እያለች ትጮሃለች። አይሰማም። ቢሰማም አይዞርም።

ምን ታድርግ? ማማዋን ትታ ትሮጣለች። በእሱ በኩል የገባውን እያባረረች ታስወጣለች። ዛሬ እንዲህ፣ ነገም እንዲህ ሆነ። ዝንጀሮ ደግሞ ሞኝ አይደለም። ሴትዮዋ ወደ ጎረቤቷ በሮጠች ቁጥር የእሷ ማማ ባዶ እንደሚሆን አየ። አንድ ረፋድ ላይ ግማሹ መንጋ በገደሉ በኩል ብቅ አለ፤ ወንጭፈኛው አንዱን መትቶ ተከትሎት ወረደ፤ እሷ እንደ ልማዷ የተረፉትን ልታስወጣ ሮጠች፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ በእሷ በኩል ዘው አለ። እያለከለከች ስትመለስ አገዳው ተሰባብሯል፣ ዛላው መሬት ላይ ተበትኗል።

ገበሬው ጩኸት ሰምቶ መጣ። ጎረቤቶቹም ተከትለውት መጡ። «ይህ የማን በኩል ነው?» አለ።

«የእኔ ነው፤ ግን እኮ...»

«ግን የሚባል ነገር የለም! የገባው በአንቺ በኩል ነው። ያ ሰው ማዶ ያለውን አነጣጥሮ ይመታል፤ አንቺ አፍንጫሽ ሥር ያለውን መጠበቅ ያቅትሻል? ውረጂ! ከዛሬ ጀምሮ ማሳዬን እንዳትረግጪ!»

ይህን ያላት በጎረቤት ሁሉ ፊት ነው። ወንጭፈኛው ከገደሉ ወጥቶ እዚያው ቆሞ ነበር። የወንጭፉን ገመድ ያፍታታ ነበር። ሴትዮዋ ነጠላዋን ከማማው ላይ አውርዳ፣ ማንንም ሳትመለከት ሄደች።

ይህ ነው እኮ የሚያቃጥለኝ ትርሲት! ጥፋቱ የተሠራው በአንዱ ማማ፣ የታየው በሌላው ማማ ነው። ማየት ያልፈለገ ሰው ጥፋቱ በታየበት ቦታ የቆመውን ይይዛል፤ የሚቀለው እሱ ነዋ! እስቲ ንገሪኝ፣ ያቺ ሴት ባትሮጥ ኖሮ ማን ይወቅሳት ነበር? እጇን አጣጥፋ ማማዋ ላይ ብትቀመጥ የእሷ በኩል ንጹሕ ነበር። ምስጋናም ታገኝ ነበር! የተዋረደችው ስለሠራች ነው።

«ሌሎቹ ጠባቂዎችስ ዝም አሉ?» ትይኛለሽ። ያን ዕለት አዎ፣ ዝም አሉ።

በማግስቱ ገበሬው ምትክ ስላላገኘ የሴትዮዋ ማማ ላይ ራሱ ወጣ። ፀሐይ ሞቅ ሲል ዝንጀሮዎቹ መጡ። ወንጭፈኛው ወንጭፉን አስጮኸና አውራውን መታው። መንገደኞች አጨበጨቡ፤ ገበሬውም ከማማው ላይ ሆኖ አጨበጨበ። ወንጭፈኛው ዘሎ ወደ ገደሉ ወረደ። ወዲያው መንጋው እሱ ትቶት በሄደው በኩል እየተግተለተለ ገባ።

«አንተ! ተመለስ!» አለ ገበሬው። የሚሰማው አልነበረም። ከወንጭፈኛው በግራ በኩል አንድ ሽማግሌ ጠባቂ ነበሩና ወደ እሳቸው ዞሮ፣ «ምን ይጠብቃሉ? ሄደው ይሸፍኑለት እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ማማቸው ላይ ቁጭ አሉ።

«አልሄድም» አሉት። «የሄደችዋ ምን እንዳገኘች አይቻለሁ። የእኔ በኩል ንጹሕ ነው፤ መጥተህ ማየት ትችላለህ።»

ገበሬው ከማማው ዘሎ ራሱ ሮጠ። እጁን እያወናጨፈ፣ እየጮኸ፣ አገዳ እያደናቀፈው ሮጠ። ማሽላው መሀል ሲደርስ ከኋላው አገዳ ሲሰበር ሰማ። ዞረ። ትቶት በመጣው ማማ በኩል፣ ትናንት ሴትዮዋን ባዋረደበት ቦታ ላይ፣ ሌላው መንጋ ገብቷል። ወደ ፊት ልሂድ ቢል ከኋላው ይበላል፤ ወደ ኋላ ልመለስ ቢል ከፊቱ ይበላል። እዚያው መሀል ላይ ሲዞር ሲዞር ድምፁ ተዘጋ። ነገሩ የገባው ያኔ ነው።

ከገባው በኋላስ? ወንጭፈኛውን አሰናበተው። ለወንጭፈኛው ግን እንዳታዝኚለት፤ ሳይውል ሳያድር ማዶ ያለ ሌላ ባለ ማሳ እየጨፈረ ወሰደው። ገበሬው ያን ሁለተኛውን ሰው አስጠራ። ሰውየው ቂም አልያዘም፤ መጣ። ማማው ላይ ከመውጣቱ በፊት ግን ወደ ቀኝ አየና፣ «ያቺ ሴት የት አለች?» አለ።

«ሌላ ሰው እፈልጋለሁ፤ አንተ ብቻ ውጣ።»

«እኔ የተግባባሁት ከእሷ ጋር ነው» አለ ሰውየው። «እኔ ስስት የምትሸፍነኝን አባረው፣ እኔን ለብቻዬ ቢያቆሙኝ ምን እጠቅምዎታለሁ? እሷን ይመልሷት፤ እኔ አለሁ።»

ገበሬው ወደ ሴትዮዋ ቤት ሄደ። ግራ ቀኙን ገልመጥ ገልመጥ አድርጎ፣ የሚያየው ሰው አለመኖሩን አረጋግጦ በሩን መታ። «ነይ ተመለሺ፤ ያለፈው አልፏል» አላት።

«ያለፈው በእኔ ላይ ነው ያለፈው» አለችው። «ያዋረዱኝ በጎረቤት ፊት ነው። በጎረቤት ፊት ‹ጥፋቱ የእሷ አልነበረም› ይበሉ፤ ዛሬውኑ ማማዬ ላይ እወጣለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

የጠየቀችው ይህችን ብቻ ነው! ማሳው እየተበላ፣ ሰውየው ይህችን ቃል ከአፉ ማውጣት አቃተው። «እስቲ አስብበታለሁ» ብሎ ሄደ። እሱ ሲያስብ ዝንጀሮዎቹ አላሰቡም። ሽማግሌው ጠባቂም ሥራ በቃኝ አሉ፤ የቀሩትም አንድ በአንድ ተበተኑ። አጨዳ ሲደርስ ሀብታሙ ሰው ያን ሁሉ መሬት ዞሮ የሰበሰበው ለከብት የሚሆን አገዳ ነው። ጎረቤቶቹ ዘንድሮ ዝንጀሮ ጨከነ አሉ። በዝንጀሮ አሳበቡት!

አሁን ያንቺን ነገር እንነጋገር። ቅዳሜ ዕለት ሜዳው ዳር ተቀምጬ ነበር፤ አላየሽኝም። ያቺን የሚጨበጨብላትን ልጅ ሞከርሻት። ከሩቅ ወረወረች፤ ሳተች፤ እጇን ዘርግታ ከዳኛው ጋር ትሟገት ጀመር። እሷ ትጠብቃት የነበረችው ተጫዋች ኳስ ይዛ ብቻዋን ወደ ቅርጫታችሁ ገሰገሰች። ማን ሮጠ? ከጎኗ የምትጫወተው ሰናይት ሮጠች። የራሷን ሰው ትታ ልትሸፍን ሮጠች። ኳሷ ሰናይት ትታት ለመጣችው ልጅ ተሰጠች፤ ገባች። አንቺም ከወንበርሽ ብድግ ብለሽ፣ «ሰናይት! የያዝሻት የት አለች?» ብለሽ አዳራሹን አናጋሽው። አውጥተሽም ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጥሻት። ያቺኛዋ ጨዋታው እስኪያልቅ ስትወረውር አመሸች።

«ነጥቡን ያስቆጠረችው እኮ ሰናይት የያዘቻት ናት» ልትይኝ ነው። ገበሬውም ያለው ይህንኑ ነው!

ስለዚህ መልሴን ስሚ። ማንም የማይፈራውን ወርዋሪ አትምረጪ፤ ተጋጣሚ ንቆ ይተዋትና በሌሎቹ ላይ ይደራረብባቸዋል። ወርውራ የምታገባ ትሁን። ወርውራ ከሚያገቡት መካከል የትኛዋ እንደሆነች ለማወቅ ግን ኳሷን ተይና እግሯን እዪ። ኳሷ ከእጇ ከወጣች በኋላ ወዴት ነው የምትሄደው? ስትስት ፊቷን ወዴት ታዞራለች? ከጎኗ ማን እንደቆመች ብትጠይቂያት ሳትዞር ትነግርሻለች? እኔ ስሟ የማይጠራው ልጅ ትመስለኛለች። አንቺ ግን እኔን ሰምተሽ አትምረጪ፤ ልምምድ ላይ ቆመሽ በዓይንሽ እዪ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ሥራ አለብሽ። ነገ ሁሉም ተሰብስበው ሳሉ ሰናይትን ከፊት አቁሚያትና «ቅዳሜ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» በያቸው። በስልክ ለብቻዋ አይደለም፤ በሁሉም ፊት! ልጆቹ ሁሉ ያን ቀን አይተውሻል። ይህን ሳታደርጊ የፈለግሽውን ያህል ጎበዝ ሹቲንግ ጋርድ ብታመጪ፣ ስታ ዞር ያለች ዕለት የሚሮጥላት አታገኝም።