የግራዝማች ይመኑ የቁም ተዝካር

እንደኔ አፏ የማያርፍ አንዲት ድሃ ሴት ነበረች። ግራዝማች ይመኑ ሳይሞቱ የቁም ተዝካራቸውን ሲያወጡ፣ ድሆቹን ደጅ አስቀርተው ሹማምንቱን ብቻ አበሉ። እሷ ሾልካ ስትገባ ተያዘች።

«አንቺ ምላሳም! ነፍሴ ገነት ነው ሲኦል የምትገባው? ገነት ካልሽ ስለ ውሸትሽ፣ ሲኦል ካልሽ ስለ ድፍረትሽ አስገርፍሻለሁ!» አሏት።

«ጌታዬ፣ የእርስዎን በምን አውቄ! እኔ ግን በዚህ ምላሴ ሲኦል አይቀርልኝም። ሀብታሙ ነዌ እዚያ ሆኖ ጠብታ ውኃ ቢለምን አጣ፤ አልዓዛርን በደጁ አስርቦት ነበራ። እርስዎም ድንገት ከመጡ እኔን ውኃ እንዳይጠይቁኝ፤ አብሬዎት ስጮህ ነው የሚያገኙኝ። ይልቅ ደጅ ያሉትን ያብሉልን፤ ለሁለታችንም የሚለምኑልን እነሱ ናቸው።»

ግራዝማች ስቀው በሩን አስከፈቱ። እኔም ለማኝ ሲመጣ እንጀራ ይዤ የምሮጠው ለጽድቅ እንዳይመስልሽ፤ በዚህ አፌ እዚያ ሲኦል የሷ ጎረቤት እንደምሆን አውቄ ነው።