ባቡሩ የማይቆምበት ሰፈር

በዝግባ ሰፈር ሰው ሁሉ የሚተርታት አንዲት አባባል አለች። ከየት መጣች ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሰፈሩ ሰው አቶ ዘርጋው አጠገቡ አለመኖራቸውን ግራ ቀኝ ሳያይ አይናገርም።

አቶ ዘርጋው የእድሩ ዳኛ ናቸው። የከተማው ባቡር በሰፈሩ ሊያልፍ፣ ፌርማታውም ከአጥራቸው ፊት ለፊት ሊሠራ ነው ሲባል እህል አልበላ አላቸው።

«አላፊ አግዳሚው ሁሉ አጥሬን ተደግፎ ሊቆም? ሌባ በባቡር መጥቶ፣ ሰርቆ በባቡር ሊሄድ?» እያሉ ፊርማ ለማሰባሰብ ቤት ለቤት ዞሩ። ምክንያት ሲያልቅባቸው ደግሞ «ጩኸቱን የሰማች ላም ወተቷ ይነጥፋል» አሉ።

በሰፈሩ ላም ያላቸው እማማ ጦቢያ ብቻ ነበሩ። «የኔ ላም ያቀረበችው አቤቱታ የለም» ብለው ሳይፈርሙ ቀሩ። ሌላው ግን የእድር ዳኛ አስቀይሞ ቀባሪ ከማጣት ብሎ ፈረመ።

ማመልከቻውን የተቀበለችው ትሑት የምትባል የባቡሩ ፕሮጀክት መሐንዲስ ነበረች። «አባቴ፣ ሐዲዱን ማዞር አንችልም። የምንችለው ፌርማታውን ማንሳት ብቻ ነው» አለች።

«እሱን አንሱልን!» አሉ አቶ ዘርጋው። ሰፈርተኛውም አጨበጨበ።

ፌርማታው ከወንዙ ማዶ ሄደ። የግንባታው አቧራ አልቀረም፣ ጩኸቱም አልቀረም። ሥራው ሲያልቅ ባቡሩ በአቶ ዘርጋው አጥር ሥር እየተምዘገዘገ ያልፍ ጀመር። ሚኒባሶቹም «ባቡር ያለው ሰፈር ምን ያደርግልናል?» ብለው መስመራቸውን ቀየሩ።

ብዙም ሳይቆይ ልጃቸው ምሥራቅ በሕክምና የምትመረቅበት ቀን ደረሰ። አቶ ዘርጋው ሙሉ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ወጡ። ታክሲ የለም፤ ወደ ፌርማታው በእግራቸው ተጓዙ። ወንዙን ተሻግረው ዳገቱን ሳያጋምሱ ባቡሩ ከጎናቸው መጣ። ጮኹ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው አወዛወዙ። ተሳፋሪዎቹ ሰላምታ መስሏቸው በመስኮት እጃቸውን እያውለበለቡላቸው አለፉ።

አዳራሹ ሲደርሱ ወንበር እየተነሳ ነበር።

«አባዬ፣ ስሜ ሲጠራ በዓይኔ ፈለግሁህ» አለች ምሥራቅ።

አቶ ዘርጋው ወደ ቤት ሲመለሱ እማማ ጦቢያ በራቸው ላይ ቆመው አገኟቸው። አቧራ የጠጣ ሱፋቸውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ምነው ዘርጋው፣ ደረስክላት?»

«አልደረስኩም፣ እማማ። ባቡሩ ጥሎኝ ሄደ።»

«ባቡሩ ምን ያድርግ ልጄ» አሉ እማማ ጦቢያ፣ «ፌርማታ ያባረረ፣ በእግሩ ቀረ።»