በድንጋጤ የነጣችው ቀይ ሽሪምፕ

ተረት ተረት! የመስታወት ቤት!

በአንድ የመስታወት ገንዳ ውስጥ፣ ከጥፍር የማትበልጥ፣ በቅላቷ ግን የምትኩራራ፣ ሽሪምፕ የምትባል የውሃ እንስሳ ነበረች። አንድ ቀን ሆዳሙ አያ ዓሣ «ዛሬስ ቀይዋን ቁርስ አደርጋታለሁ!» እያለ መጣ። ሽሪምፗ መደበቂያ አጣች። ክው ብላ ስትደነግጥ ቅላቷ ጠፍቶ እንደ ገንዳው አሸዋ ነጣች።

«አንቺ ነጯ፣ ቀይዋን አላየሻትም?» አላት ዓሣው።

«አሁን እዚሁ ነበረች፣ አያ ዓሣ» አለችው።

ዓሣው ቀይዋን ፍለጋ ወደ ውሃው ሣር ገባ። ሽሪምፗ ሳቋ መጣ። ሳቋ ሲመጣ ግን ጭራዋ መቅላት ጀመረ፤ ቅላቱም ወደ ወገቧ ወጣ። ዓሣው ደግሞ ፊቱን እየመለሰ ነው!

«እትዬ ቀንድ አውጣ!» ብላ ድንጋይ ላይ የምትንፏቀቀውን ጎረቤቷን ተጣራች። «በሞቴ፣ ቶሎ አስደንግጪኝ!»

እትዬ ቀንድ አውጣ መቼም አትቸኩልም። አንዱን ቀንዷን አወጣች፤ ቆይታ ሌላውን አወጣች። ከዚያ «ምን ብዬ?» አለቻት።

ሽሪምፗ ይህን ስትሰማ እስከ ጭራዋ ነጣች።

«ይቺ ነጭ ደግሞ እዚሁ ናት እንዴ?» ብሎ ዓሣው አልፏት ሄደ።

እሱ ከሄደ ከብዙ ጊዜ በኋላ እትዬ ቀንድ አውጣ አሰብ አደረገችና፣ «‹ዓሣው መጣ!› ብልሽስ?» አለች።

ተረቴን መልሱ፣ ውሃውን ግን አታደፍርሱ።