የባለጉዳዩ ወንበር

ምላሷ ከእሷ ቀድሞ ክፍል የሚገባ አንዲት የሥነ ልቦና ተለማማጅ ነበረች። በዩኒቨርሲቲው የምክር አገልግሎት ማዕከል ልምምዷን ለመጨረስ የቀራት አንድ ፈተና ብቻ ነው። ፈታኙ ግን የማዕከሉ ኃላፊ ዶክተር ወርቅአፈራሁ ናቸው፤ እሳቸው ካልፈረሙላት የዓመት ድካሟን ውኃ በላው ማለት ነው።

ዶክተሩ ተለማማጆቹን ሁሉ ሰብስበው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ምክር ፈላጊ ተማሪ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ ጉብ አሉ።

«ዛሬ ባለጉዳይሽ እኔ ነኝ» አሏት። «ችግር አለብኝ ወይስ የለብኝም? አለብዎት ካልሽ አለቃሽን ደፈርሽ፤ ወደቅሽ። የለብዎትም ካልሽ ደግሞ ሳትጠይቂ ፈረድሽ፤ ያው ወደቅሽ። በይ እስቲ!»

ልጅቷ ሳቋ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም። ለሚያለቅስ ባለጉዳይ የተቀመጠውን ሶፍት አንስታ ቀስ ብላ ወደ ፊታቸው አስጠጋችላቸው።

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ዶክተሩ ከወንበሩ ብድግ አሉና፣ «ምን ማለትሽ ነው? እኔ ምንም አልሆንኩም!» ብለው ጮኹ።

«አይዞዎት ዶክተር» አለቻቸው፣ እሳቸው ራሳቸው ባስተማሯት ለስላሳ ድምፅ፣ «እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነው።»