የተሰነጠቀው ክራርና የሸኽ ሙስባህ ምስክርነት

ስሟን ማንሳት አያስፈልገንም፤ ግንቧ ያረጀ፣ ገበያዋ ግን የደመቀ አንዲት ጥንታዊ ከተማ ነበረች። ከጁምዓ መስጊዷ በስተጀርባ ሸኽ ሙስባህ የሚባሉ አዛውንት ክራር እየሠሩ ይኖሩ ነበር። ስለ ዜማ መሣሪያ የሃይማኖት ሊቃውንቱ ዑለማዎች የተለያየ ቃል እንዳላቸው አውቃለሁ። እሱን ለባለቤቶቹ ትቼ እኔ ስለ ሰውየው ላውጋችሁ።

ሸኽ ሙስባህ የዋንዛ ግንድ ሁለት ክረምት ሳያደርቁ አይጠርቡም። የክራሩን ሆድ፣ ገበቴውን፣ በመጥረቢያ አውጥተው፣ በመሮ ፈልፍለው፣ እርጥብ ቆዳ ወጥረው በጠፍር ይሰፉታል። ከዚያም ጥላ ውስጥ ሰቅለው እስኪደርቅ ይታገሣሉ። “ክራር ሲቸኩሉበት ያኮርፋል” ይሉ ነበር።

በዚያው ገበያ ጀውሃር የሚባል ሌላ ክራር ሠሪ ነበር፤ እጁ የተባ፣ አፉ ግን ያልታረመ። ከዓመታት በፊት “ሸኽ ሙስባህ የበክት ቆዳ ይወጥራሉ” ብሎ አስወራ። ዓይን ያወጣ ውሸት ነበር። ሆኖም ከሸኹ ደጅ ሰው ጠፋ፤ በሶላት ረድፍ አጠገባቸው መቆም የተጠየፉም ነበሩ። ሸኹ አልተራገሙም። ግን አልረሱም። ሽማግሌዎች ሊያስታርቋቸው ሲመጡ፣ “ልቤ ገና አልሻረም፤ አልዋሻችሁም” ብለው መለሷቸው።

እንዲህ ሳለ በድሩ የተባለ ባለጸጋ ነጋዴ ለልጁ ኒካህ ጀውሃር ዘንድ ክራር አሠራ። በሠርጉ ቀን ዘፋኙ ገና ሁለተኛውን ዜማ ሲጀምር ክራሩ ጧ ብሎ ተሰነጠቀ። እንግዳው ሳቀ። በድሩ እፍረቱን መሸከም አቅቶት ጀውሃርን ቃዲ ፊት አቆመው።

“ባልደረቀ እንጨት ሠርቶ ሰጠኝ። ሱቁ ይዘጋ፤ ከዚህ ሙያም ይታገድ!”

ቃዲው እንጨት የሚያውቅ ምስክር ፈለጉ። ከጀውሃር ሌላ በከተማዋ ክራር የሚሠሩት ሸኽ ሙስባህ ብቻ ነበሩ። ሸኹ የሚሠሩበት ዋንዛ ደግሞ የሚመጣው ከበድሩ መሬት ነው። በድሩም ከችሎቱ ቀደም ብሎ ቤታቸው መጣ።

“ሸኽ፣ ይህ ሰው ምን እንዳደረገዎት ከተማው ሁሉ ያውቃል። ይኸው አላህ እጅዎ ላይ ጣለልዎ።”

“ክራሩን ሳላይ የምለው የለኝም።”

“የሚጠርቡት ዋንዛ የማን እንደሆነ አይርሱ።”

“የአላህ ነው። አንተ ዘንድ በአማና፣ በአደራ አስቀምጦታል።”

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ችሎቱ ተሰየመ። ጀውሃር ምስክሩ ማን እንደሆነ ሲያይ አንገቱን ደፋ። ሸኹ ክራሩን ተቀብለው ስንጥቁን በጥፍራቸው ተከተሉት። የገበቴውን ጀርባ አሸተቱ። ከዚያ ቃዲውን አስፈቅደው ጠፍሩን በጩቤ ቆረጡና ቆዳውን ገለጡት። ውስጡንም በጣታቸው ዳሰሱት።

“እንጨቱ ደረቅ ነው” አሉ በመጨረሻ። “እርጥብ ቢሆን ኖሮ ገበቴው ዙሪያውን በተጣመመ ነበር። ይህ የተሰነጠቀው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው፤ በዚያው ጎን ቆዳው ተኮማትሯል፣ እንጨቱም ጭስ ጭስ ይላል። እሳት ዳር አቆይተውታል። ቆዳው ሲኮማተር እንጨቱን ስቦ ሰነጠቀው።”

ዘፋኙ ከኋላ ተነሣ። “እውነታቸውን ነው። ቆዳው ጠበቅ እንዲል ብዬ ምድጃ አጠገብ ያኖርኩት እኔ ነኝ። ፈርቼ ዝም አልኩ።”

ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ሸኹ ግን አልተቀመጡም።

“ቃዲያችን፣ አንድ ቃል ይቀረኛል። ይህ ሰው ማንም የማያየውን የገበቴውን ውስጥ እንደ ውጪው አለስልሶታል። እኔ አርባ ዓመት ስሠራ ውስጡን እንደ ነገሩ ነው የምተወው። የእሱ ሥራ ከእኔ ይበልጣል። ክራር የሚሻ ሁሉ ይህን ይወቅ።”

ጀውሃር ነጻ ወጣ። በድሩ ደግሞ እንደዛተው ዋንዛውን ከለከለ፤ ሸኹም ከሁለት ቀን መንገድ እንጨት በአህያ ማስመጣት ግድ ሆነባቸው። ከደንበኞቻቸውም ወደ ጀውሃር የሄዱ አሉ። ሸኹ ሲማረሩ የሰማ የለም፤ በሰባ ዓመታቸው የገበቴ ውስጥ ማለስለስ ጀመሩ።

ከችሎቱ ማግስት ጀውሃር መጥቶ ደጃፋቸው ላይ ቆመ፤ መግባት አቃተው።

“በመጪው ጁምዓ በመስጊዱ ጀመዓ ፊት ቆሜ ያወራሁት ውሸት መሆኑን እናገራለሁ” አለ፤ ጁምዓ ሲደርስም እንዳለው አደረገ። ያን ዕለት ደጃፉ ላይ እንደቆመ ቀጠለ፤ “ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ከክሱ ማዳንዎ በበቃኝ ነበር፤ ለምን ሥራዬን አመሰገኑ? እኔ እኮ ጠላትዎ ነኝ።”

ሸኽ ሙስባህ መሯቸውን አስቀመጡ።

“የተጣላሁት ካንተ ጋር ነው፤ ከሐቅ ጋር አልተጣላሁም።”

ወገኖቼ፣ ይህን ቃል ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ብዙዎቻችን በጠላታችን ላይ በሐሰት ላንመሰክር እንችላለን፤ የምናውቅለትን መልካም ነገር ግን ዋጥ አድርገን ዝም እንላለን፣ ዝምታችንንም ትዕግሥት ብለን እንጠራዋለን። ሸኹ በዚያ ችሎት ሲቆሙ ልባቸው አልሻረም ነበር፤ እሳቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ቂማቸው እስኪለቃቸው ቢጠብቁ ኖሮ የጀውሃር ሱቅ በተዘጋ፣ ልጆቹም በተራቡ ነበር። ምስክርነት ቀን ቆርጦ ይመጣል፤ የልባችንን መዳን አይጠብቅም። ቁስላችን ገና እያመመንም ቢሆን ሐቁን መናገር እንችላለን።