በሰም የተደፈነው ብርሌ

አንዲት አባባል አለች፤ የማያውቃት የለም፤ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ወዳጅ ከወዳጁ ሲቀያየም ትነገራለች። ከየትኛው ጠጅ ቤት እንደ ወጣች ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው ወሬ እንዲህ ይላል።

በአንዲት የገበያ ከተማ ዘርፈሽዋል የምትባል ጠጅ ጣይ ነበረች። ከደንበኞቿ ሁሉ የቆየው ወንድይፍራው ነው። ባሏ ሞቶ ቤቷ ጭር ባለ ጊዜ፣ ሌላው ሲሸሽ እሱ ከመደቡ አልጠፋም። አንድ ቀን፣

«ልጄን ልድር ነው። ቅዳሜ የሙሽራውን አባት ይዤ እመጣለሁ፤ አደራ፣ እንዳታሳፍሪኝ» አላት።

«አያ ወንድይፍራው ሙት! አንተን ላሳፍር? ምን ቆርጦኝ!»

ቅዳሜ ግን የአገረ ገዢው አሽከሮች ቀድመው ቤቱን ሞሉት። ዘርፈሽዋል እነሱን ላስደስት ብላ የጠራውን ጠጅ አሟጠጠችላቸው፤ ደህና ደህናውንም ብርሌ አወጣችላቸው። ወንድይፍራው የሙሽራውን አባት ባላምባራስ ይነሱን አስከትሎ ሲገባ በር ሥር ካለች ጠባብ አግዳሚ በቀር መቀመጫ አልነበረም። ተጠጋግተው ተቀመጡ። ቢጠብቁ የሚያያቸው ጠፋ።

«ዘርፌ፣ እኛስ?»

«መጣሁ፣ መጣሁ!» አለችና ተመልሳ ወደ አሽከሮቹ ሄደች።

ባላምባራስ ጉሮሮውን ጠራረገ። ወንድይፍራውን ላብ አጠመቀው።

ጓዳ ገብታ ብትፈልግ የቀረው ሁለት ብርሌ ብቻ ነው፤ አንዱ ሆዱ ላይ ነቅቶ ስንጥቁን በሰም የደፈነችው። እጇን ዘረጋች፣ መለሰች፣ እንደገና ዘረጋች። «ለወንድይፍራው ነው የምሰጠው፤ እሱ የቤት ሰው ነው፣ ቢያውቅም አይቀየመኝም» አለች በልቧ። እንዳይጠረጠርባት እስከ አንገቱ ሞላችውና አቀበለችው። ደህናው ለባላምባራስ ደረሰው፤ ጠጁ ስላለቀ ግን ጎደል ያለ ነበር። ወንድይፍራው ይህን ሲያይ፣

«የለም የለም፣ የሞላው ለእንግዳ ነው የሚገባው» ብሎ ለወጠው።

የዘርፈሽዋል ልብ ድንግጥ አለ። «ቆይ» ልትል አፏን ከፈተች። አሽከሮቹ ቢሰሙስ? በነቃ ብርሌ ታጠጣለች ተብላ አገር ቢያወራባትስ? አፏን ገጠመች። ባላምባራስ ብርሌውን አነሳ፤ ትንፋሿን ያዘች። ሳይቀምስ አወረደና ስለ ሠርጉ ቀን ማውራት ጀመረ፤ ለቀቀችው። እንደገና አነሳ። «እመብርሃን፣ እስኪጨርሰው ብቻ» አለች።

ቀጭ! ብርሌው መዳፉ ላይ ተከፈለ። ጠጁ በነጭ ጋቢው ላይ ፈሰሰ፣ ደሙም ተከተለው። ወንድይፍራው ስባሪውን ቢያነሳ ሰሙ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ሰሙን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ።

«እያወቅሽ ነው?»

«ኧረ ለእሳቸው አልነበረም!» አለች ተርበትብታ። «ላንተ እኮ ነው የሰጠሁት!»

«አሃ» አለ ቀስ ብሎ። «ለኔ።»

ከነጠላው ቀዶ የእንግዳውን እጅ አሰረና ደግፎት ወጣ።

ዘርፈሽዋል እንቅልፍ በዓይኗ አልዞር አለ። የሰው ትዳር አፈረስኩ ብላ ስትብሰለሰል ከረመች። ሠርጉ እንዳልቀረ ስትሰማ ነፍሷ መለስ አለና አያ ድንበሩ የሚባሉትን የሰፈር ሽማግሌ ይዛ፣ ድንጋይ ተሸክማ ከወንድይፍራው እግር ወደቀች።

«ተነሺ፣ ተነሺ» አላት። «እግዜር ይቅር ይበልሽ፤ እኔ ቂም የለኝም።»

እንደ ልማዱ ይመጣል ብላ የጠራውን ጠጅ አስቀምጣ፣ መደቡን ጠርጋ፣ ዓይኗን ከበሩ ላይ ሳትነቅል ጠበቀችው። ወንድይፍራው በደጇ መጣ። «እንደምን ዋልሽ ዘርፌ?» አላት በደህና ፊት። ከዚያ አልፎ ከማዶው ጠጅ ቤት ገባ።

«አያ ድንበሩ» አለች ከአጠገቧ ወደ ቆሙት ሽማግሌ ዞራ፣ «ይቅር ብሎኝ የለም እንዴ? ታዲያ ምነው አልገባም?»

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን ተደግፈው ወደ ማዶው ቤት ተመለከቱና፣

«ይቅር ማለቱንስ ብሎሻል» አሏት፤ «ግን ልጄ፣ ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ።»